ኢንሹራንስ እያለ ሐኪም ሲጠፋ፦ በአሜሪካ የኔትዎርክ መብትን የማስከበሪያ ዝርዝር መመሪያ

በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጣል። ካርዱም ቦርሳ ውስጥ አለ። ሐኪም ሲፈለግ ግን አንዱ «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» ይላል። ሌላው «ከዚያ ኢንሹራንስ ጋር መሥራት ካቆምን ቆየን» ይላል። ሦስተኛው ቀጠሮ የሚሰጠው ከአራት ወር በኋላ ነው። በስንት ፍለጋ የተገኘው ሐኪም ደግሞ ከኔትዎርክ ውጭ ይሆንና ያልታሰበ ቢል በፖስታ ይመጣል። አሜሪካ የሚኖር አበሻ ይህ በራሱ ባይደርስበት እንኳ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ሰምቶታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ለእያንዳንዱ ችግር ሕግ መኖሩን ነው። ሐኪም ባልተገኘ ጊዜ ኢንሹራንሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ተጽፏል። ሐኪምዎ በሕክምና መሃል ከኔትዎርክ ቢወጣ ምን እንደሚደረግም ተጽፏል። ችግሩ እነዚህ ሕጎች በራሳቸው ተነስተው አይመጡም። የሚሠሩት ለጠየቀ፣ በጽሑፍ ለጠየቀና የጠየቀበትን ቀን ለያዘ ሰው ነው። ይህ መመሪያም ምን፣ መቼና ማንን መጠየቅ እንዳለብዎት በቅደም ተከተል ያሳያል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። ኔትዎርክ ማለት ኢንሹራንሱ በዋጋ ተስማምቶ ውል የገባላቸው ሐኪሞች፣ ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች ናቸው። ውል ያለው ሐኪም ከተስማማበት ዋጋ በላይ ሊያስከፍልዎት አይችልም። ውል የሌለው ግን የራሱን ዋጋ ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ በከፈለውና ሐኪሙ በጠየቀው መካከል ያለው ልዩነት ወደ እርስዎ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ይህ ልዩነት ነው።

ደረጃ 1፦ ኢንሹራንስዎ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

አሰልቺ ቢመስልም አይዝለሉት። በኋላ አቤት የሚሉበትን ቢሮ የሚወስነው ይህ ነው።

መጀመሪያ ካርዱን ይመልከቱ። ኤችኤምኦ ወይም ኢፒኦ የሚል ከሆነ ድንገተኛ ሕክምና ካልሆነ በቀር ከኔትዎርክ ውጭ በአብዛኛው ምንም አይከፍልም። ፒፒኦ ከሆነ ከውጭም የተወሰነውን ይከፍላል፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ይጨምራል። ኤችኤምኦ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ሐኪም ሪፈራል (ወደ ሌላ ሐኪም የመላኪያ ወረቀት) ይፈልጋል። ያም ሆኖ በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት ሴቶች የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ዘንድ ያለ ሪፈራል መሄድ ይችላሉ። ለልጅዎም የሕፃናት ሐኪምን እንደ ዋና ሐኪሙ አድርገው መምረጥ ይችላሉ።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ ከየት እንደመጣ ይለዩ። ከሥራ ቦታ ከሆነ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መሥሪያ ቤቱ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል፤ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። ይህ በስቴቱ የኢንሹራንስ ቢሮ ሥር ይተዳደራል። በሁለተኛው ወጪውን የሚሸፍነው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ኩባንያ ወረቀቱን ያዘጋጃል እንጂ ገንዘቡ የእሱ አይደለም። ትላልቅ ቀጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንን ነው። እንዲህ ያለው ፕላን ኤሪሳ በሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ ሥር ስለሚወድቅ የስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ በአብዛኛው አይነካውም። አቤቱታውም የሚቀርበው ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው፤ ስልኩ 1-866-444-3272 ነው።

ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ካርዱ ያው ነው። ስለዚህ ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ) አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?» ሰልፍ ፈንድድ ማለት ወጪውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚሸፍንበት፣ ፉሊ ኢንሹርድ ደግሞ ኢንሹራንስ ኩባንያው የሚሸፍንበት ነው። መልሱን ያስቀምጡት።

ከማርኬትፕሌስ (መንግሥት ካቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) የገዙት ኢንሹራንስ በስቴቱ የኢንሹራንስ ቢሮ ይታያል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬድ ከሆነ የስቴቱ የሜዲኬድ መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል። በአብዛኛው ለአረጋውያን የሆነው ሜዲኬር ከሆነ ደግሞ 1-800-633-4227 ይደውሉ። ወላጆቻችንን ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ያስገባን ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አድቫንቴጅ የሚሠራው በኔትዎርክ ነው። የቀድሞው ሜዲኬር ግን ሜዲኬርን የሚቀበል ማንኛውም ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። ሻጩ ስለ ነፃ የጥርስ ሕክምና ብቻ ከነገራችሁ፣ እናታችሁ የለመደችው የልብ ሐኪም ኔትዎርኩ ውስጥ መኖሩን ሳታጣሩ አትፈርሙ።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ያጣሩ

ድረ ገጹ ላይ ያለውን የሐኪሞች ዝርዝር ብቻውን አይመኑት። በ2023 የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሠራተኞች ራሳቸውን እንደ ታካሚ ቤተሰብ አድርገው በሜዲኬር አድቫንቴጅ ዝርዝሮች ላይ ለተጻፉ 120 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ደውለው ነበር። ቀጠሮ ማግኘት የቻሉት ከመቶ 18 ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው ወይ የማይሠራ ስልክ ነው፣ ወይ ከኔትዎርክ የወጣ ሰው ነው፣ ወይ መልሶ የማይደውል ነው። ደውለው ደውለው የሰለቹ ሰዎች ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ ይወቁ።

ክሊኒኩን ሲደውሉ «ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?» ብቻ ብለው አይጠይቁ። ብዙ ክሊኒክ «አዎ» ይላል፤ ለኢንሹራንሱ ቢል እንልካለን ማለቱ ነው። ያ ደግሞ ውል አለን ማለት አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ዶክተር እገሌ፣ በዚህ አድራሻ፣ ካርዴ ላይ ከተጻፈው ከዚህ ፕላን ጋር ኢን ኔትዎርክ ናቸው? አዲስ ታካሚስ ይቀበላሉ?» የፕላኑን ሙሉ ስም ከካርዱ ላይ ያንብቡላቸው። አንድ ኩባንያ ብዙ ፕላን አለው፤ ኔትዎርኩም ይለያያል። አድራሻውም ትርፍ ነገር አይደለም። አንድ ሐኪም በአንዱ ሕንፃ ኔትዎርክ ውስጥ ሆኖ በሌላው ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውለው ያንኑ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት፣ ማለትም ታካሚን ካልታሰበ ቢል የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ ኢንሹራንሶች የሐኪሞቻቸውን ዝርዝር ቢያንስ በየ90 ቀኑ እንዲያጣሩ ያዛል። አዲስ መረጃ ሲደርሳቸው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስተካከል አለባቸው። እርስዎ ደውለው አንድ ሐኪም በኔትዎርክ ውስጥ መሆኑን ከጠየቁም በ1 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ዝርዝሩ ወይም የሰጡት መልስ ስህተት ሆኖ እርስዎ ያንን አምነው ከታከሙ፣ የሚከፍሉት በኔትዎርክ ውስጥ ሊከፍሉት የነበረውን ድርሻ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከዚያ በላይ ተቀብሎዎት ከሆነ ትርፉን ከነወለዱ ይመልሳል።

ይህን መብት የሚያጸናው ማስረጃ ነው። የሐኪሙ ስም ያለበትን ገጽ ስክሪንሾት ያንሱ። የፕላኑ ስምና ቀኑ እንዲታይ ያድርጉ። በስልክ ከሆነ የመለሰልዎትን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና የጥሪውን ሪፈረንስ ቁጥር ይጻፉ። ሪፈረንስ ቁጥር ካልጠየቋቸው ብዙ ጊዜ አይነግሩዎትም።

ሰው የሚረሳው ላቦራቶሪውን ነው። ሐኪምዎ ኔትዎርክ ውስጥ ሆኖ ደምዎን የሚልክበት ላብ ውጭ ሊሆን ይችላል። ለምርመራ ደም ከመስጠትዎ በፊት «የት ነው የምትልኩት?» ይበሉ። ኤምአርአይና ሲቲ ስካንም እንዲሁ ናቸው።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፤ ክፍያ የለውም። የ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችን፣ ክሊኒኮችንና ኢንሹራንሶችን ያስገድዳል። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ብለው ይጠብቁ። አስተርጓሚ በሌለበት አጣዳፊ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ልጅዎን አስተርጓሚ እንዲያደርጉ ሊጠይቁዎት አይችሉም። እባካችሁ ይህን መብት ተጠቀሙበት። የእናቱን የካንሰር ምርመራ ውጤት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲነግራት ማድረግ ለልጁም ለእናቱም ከባድ ነው።

ደረጃ 3፦ በኔትዎርኩ ውስጥ ሐኪም ካጡ፣ ኢንሹራንሱ እንዲፈልግልዎት ያስገድዱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ይህን ክፍል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወይ ሕክምናውን ይተወዋል፣ ወይ ከኪሱ ይከፍላል። ሐኪም የማቅረብ ግዴታ ግን የኢንሹራንሱ ነው። ወርኃዊ ክፍያውን የሚቀበለው ለዚህም ነው።

መጀመሪያ የእርስዎን የጊዜ ገደብ ይወቁ። በሄልዝኬር ዶት ጎቭ በኩል ኢንሹራንስ በሚሸጥባቸው ስቴቶች፣ ለምሳሌ በቴክሳስና በኦሃዮ፣ ከ2025 ጀምሮ ለማርኬትፕሌስ ፕላኖች የተቀመጠው መስፈርት እንዲህ ነው፦ ለአእምሮ ጤና በ10 የሥራ ቀናት፣ ለመደበኛ የቤተሰብ ሐኪም በ15፣ ለማያስቸኩል ስፔሻሊስት በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ቀጠሮ መገኘት አለበት። ካሊፎርኒያ ከዚህ ይጠብቃል። ቅድመ ፈቃድ ለማይፈልግ አስቸኳይ ጉዳይ 48 ሰዓት፣ ለሚፈልግ 96 ሰዓት ነው። ለቤተሰብ ሐኪም 10 የሥራ ቀናት፣ ለስፔሻሊስት 15 ነው። ሐኪም ካልሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋርም 10 የሥራ ቀናት ነው፤ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ተከታዩ ቀጠሮም በዚያው ገደብ ውስጥ መሆን አለበት። ሐኪምዎ «መዘግየቱ አይጎዳውም» ብሎ መዝገብ ላይ ከጻፈ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል።

የካሊፎርኒያው ሕግ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። በኦክቶበር 2023 ካይዘር የተባለው የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት በአእምሮ ጤና ቀጠሮ መዘግየትና ተያያዥ ጉድለቶች ምክንያት ከስቴቱ ተቆጣጣሪ ጋር ባደረገው ስምምነት 50 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። በተጨማሪም አገልግሎቱን ለማሻሻል 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲያወጣ ተስማምቷል። ተቆጣጣሪው ምርመራ ሲጀምር ከታካሚዎች የመጡ አቤቱታዎች በእጁ ነበሩ።

ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ የስቴቱ ሕግ በግልጽ የሚያግዛችሁ ነገር አለ። ኢንሹራንሱ ለሕመሙ የሠለጠነ ስፔሻሊስት ከሌለው፣ ወይም ያለው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ከመጠን ያለፈ መዘግየት ወይም ጉዞ ካለ፣ ከኔትዎርክ ውጭ ወዳለ ስፔሻሊስት ሪፈራል መጠየቅ ይቻላል። የእርስዎ ድርሻም በኔትዎርክ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይሰላል። ሜዲኬድ ያላችሁ በየትኛውም ስቴት ብትሆኑ የፌዴራል ደንብ አለላችሁ። ፕላኑ አስፈላጊውን አገልግሎት በኔትዎርኩ ማቅረብ ካልቻለ፣ ማቅረብ እስኪችል ድረስ ከውጭ ሐኪም በወቅቱ ሊሸፍንላችሁ ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከኢንሹራንሱ ዝርዝር ላይ በአቅራቢያዎ ያሉ ሐኪሞችን ይምረጡና ይደውሉ። እያንዳንዱን ጥሪ በአንድ መስመር ይጻፉ። መስመሩ እንዲህ ይመስላል፦ «ማርች 3፣ ከጠዋቱ 10፡15፣ የነርቭ ሐኪም ዶክተር እገሌ፣ ስልኩን ያነሳችው ሊሳ፣ የቅርቡ ቀጠሮ ጁላይ 22።» ቀጣዩ መስመር «ስልኩ አይሠራም» ሊል ይችላል። ሦስተኛው «ከ2023 ጀምሮ በዚህ ኔትዎርክ አይደሉም» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲቀርብ ኢንሹራንሱ «ዝርዝሩ ላይ ብዙ ሐኪም አለ» ብሎ መሸኘት ይከብደዋል።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱን ይደውሉና «ኔትዎርክ ጋፕ ኤክሴፕሽን» እንደሚፈልጉ ይናገሩ። አንዳንዱ ኩባንያ ይህን በሌላ ስም ይጠራዋል፤ ከኔትዎርክ ውጭ በኔትዎርክ ክፍያ ለመታከም ፈቃድ መጠየቅዎን ካስረዱ ይገባቸዋል። በስልክ ብቻ አይተዉት። በኢንሹራንሱ ፖርታል ወይም በፋክስ በእንግሊዝኛ ይላኩ። ሐሳቡ ይህ ይሁን፦

«የአባልነት ቁጥሬ ይህ ነው። ሐኪሜ በዚህ ቀን ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር አድርገውኛል። ከዝርዝራችሁ ውስጥ ለሚከተሉት ሐኪሞች ደውያለሁ፤ የተሰጠኝ መልስ ከስማቸው ጎን አለ። በተገቢው ጊዜና ርቀት ሊያየኝ የሚችል አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያየኝ የኔትዎርክ ሐኪም አግኝታችሁ ቀጠሮ እንድታስይዙልኝ እጠይቃለሁ። ካልተቻለ ዶክተር እገሌ ዘንድ በኔትዎርክ ክፍያ እንድታከም እንድትፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።»

ሪፈር ያደረገዎት ሐኪም አጭር ደብዳቤ ቢታከልበት ክብደቱ ይጨምራል። ደብዳቤው መዘግየቱ በጤናዎ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ይግለጽ። «ሕመምተኛዋ ስፔሻሊስት ያስፈልጋታል» ከሚል ይልቅ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልታየች የሚጥል በሽታዋ ሊባባስ ይችላል» የሚለው ይሠራል።

ፈቃዱ ሲመጣ ቸኩለው ወደ ሐኪሙ አይሂዱ፤ ወረቀቱን ያንብቡ። የሐኪሙ ስም፣ የተፈቀደው ሕክምና፣ የቀጠሮው ብዛትና የፈቃዱ ማብቂያ ቀን መኖር አለባቸው። የእርስዎ ድርሻ በኔትዎርክ ስሌት መሆኑም መጻፍ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሙ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን እንደ ሙሉ ክፍያ ለመቀበል መስማማቱን ያረጋግጡ። ይህን ኢንሹራንሱና ክሊኒኩ «ሲንግል ኬዝ አግሪመንት» በሚሉት ውል ይጨርሱታል። ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። ኖ ሰርፕራይዝስ አክት በራስዎ ፈቃድ ከኔትዎርክ ውጭ ወደሆነ ሐኪም ቢሮ ሲሄዱ አይጠብቅዎትም። ስምምነቱ ከሌለ ፈቃድ በእጅዎ እያለም የልዩነቱ ቢል ሊመጣብዎት ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሐኪምዎ በሕክምና መሃል ከኔትዎርክ ከወጣ

ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው ውል ሲያፈርሱ መሃል ላይ የሚቀረው ታካሚው ነው። ለዚህም ያው የ2022ቱ ሕግ መልስ አለው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ፣ ቀን የተቆረጠለት አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ካለዎት፣ ከባድና ውስብስብ ሕመም እየታከሙ ከሆነ ወይም ሕመሙ ለሞት የሚያደርስ ከሆነ፣ እስከ 90 ቀን ድረስ በዚያው ሐኪም፣ በዚያው የኔትዎርክ ክፍያ መቀጠል ይችላሉ። ሐኪሙም የቀድሞውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ይቀበላል። ውሉ የተቋረጠው በሐኪሙ ማጭበርበር ወይም በጥራት ጉድለት ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

ኢንሹራንሱ ማሳወቂያ መላክ አለበት። 90 ቀኑ የሚቆጠረው ከማሳወቂያው ቀን ጀምሮ ስለሆነ ፖስታዎን ሳይከፍቱ አያስቀምጡ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ይህ ደብዳቤ ቢደርሳት በዚያው ሳምንት ደውላ «ኮንቲኑዊቲ ኦፍ ኬር» ፎርም መጠየቅ አለባት። ሞልታ ከላከች እስከ ወሊዷ የለመደቻት ሐኪም ትከታተላታለች።

ኢንሹራንሱን የቀየሩት እርስዎ ከሆኑ ይህ የፌዴራል ሕግ አይረዳዎትም። ካሊፎርኒያን የመሰሉ አንዳንድ ስቴቶች ግን ለአዲስ አባላትም ተመሳሳይ መብት ስለሚሰጡ መጠየቁ አይከፋም።

ደረጃ 5፦ ድንገተኛ ሕመምና ቀዶ ሕክምና

ለድንገተኛ ሕመም ኔትዎርክ አይታሰብ። በቅርብ ወዳለው ኢመርጀንሲ ይሂዱ። ሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ይኑርዎት አይኑርዎት መርምሮ ሁኔታዎን የማረጋጋት ግዴታ አለበት፤ ይህ ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው። ኢንሹራንሱም ቅድመ ፈቃድ ሳይጠይቅ በኔትዎርክ ስሌት ይሸፍናል። ድንገተኛ መሆኑ የሚለካው በነበረዎት ስሜት ነው እንጂ በኋላ በተገኘው ውጤት አይደለም። ደረትዎን ወግቶዎት ሄደው «ጨጓራ ነው» ቢባሉ ኢንሹራንሱ በዚያ ሰበብ ክፍያውን ሊከለክል አይገባም።

የታቀደ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ሆስፒታሉና ዋናው ሐኪም በኔትዎርክ ውስጥ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ማደንዘዣ የሚሰጠው፣ ራጅ የሚያነበው ወይም ናሙና የሚመረምረው ባለሙያ ከኔትዎርክ ውጭ ቢሆን ልዩነቱን ሊያስከፍልዎት አይችልም። መብትዎን እንዲተዉ እንኳ ሊያስፈርምዎት አይችልም።

ሌሎች ሐኪሞች ግን ሊያስፈርሙ ስለሚችሉ የሚሰጥዎትን ወረቀት ይዩት። ይህ መብትን የመተው ቅጽ ከሌሎች ወረቀቶች ተለይቶ መቅረብ አለበት። የሚጠበቀውን ዋጋ ማሳየት አለበት። ቀጠሮው ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ የተያዘ ከሆነ ቅጹም ከ72 ሰዓት በፊት መሰጠት አለበት፤ በዚያው ቀን ከተያዘ ደግሞ ቢያንስ ከ3 ሰዓት በፊት። በሚረዱት ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ ሊያስረዱዎትም ይገባል። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ «እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚባል ከሆነ «ከኔትዎርክ ውጭ የሆነ ሐኪም ለመቀበል የሚያስፈርም ከሆነ አልፈርምም» ማለት መብትዎ ነው። ካልፈረሙ ግን ያ ሐኪም ላያክምዎት ስለሚችል በኔትዎርክ ውስጥ ያለ ሐኪም እንዲመድቡልዎት ይጠይቁ።

የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ አምቡላንስ ነው። ሄሊኮፕተርና የአየር አምቡላንስ ተሸፍነዋል። መንገድ ላይ የሚሄደው አምቡላንስ ግን በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ የለም። በእኔ እምነት ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው አምቡላንስ መርጦ አይጠራም። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2024፣ ዋሺንግተን ስቴት ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ዘግተውታል።

ደረጃ 6፦ ቢል ሲመጣ ሳይከፍሉ ያመሳክሩ

ከኢንሹራንሱ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀት ይመጣል፤ ኢኦቢ ይሉታል። ብዙ ሰው ይጥለዋል። አይጣሉት። ከሐኪሙ የመጣውን ቢል ከጎኑ ያስቀምጡና የኢኦቢውን «የእርስዎ ድርሻ» የሚለውን መስመር ያስተያዩ። የሐኪሙ ቢል የሚበልጥ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ልዩነቱ ከኔትዎርክ ውጭ በመሆን የመጣና ከላይ የጠቀስናቸው መከላከያዎች የሚመለከቱት ከሆነ፣ ለክሊኒኩ በጽሑፍ «ይህ በኖ ሰርፕራይዝስ አክት የተከለከለ ነው፤ ቢሉን አቁሙልኝ» ይበሉ። አሻፈረኝ ካሉ 1-800-985-3059 ይደውሉ፤ የፌዴራሉ የእርዳታ መስመር ነው።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ፣ ከቀጠሮው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አላችሁ። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀናት ውስጥ መከራከር ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ከከለከሉዎት ይግባኝ ይበሉ

የጠየቁት ፈቃድ ወይም ክፍያ ሲከለከል ምክንያቱን የያዘ ደብዳቤ ይደርስዎታል። ኢንሹራንሱ ከሥራ ቦታ ወይም ከማርኬትፕሌስ ከሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለዎት። ሜዲኬድ ከሆነ ግን 60 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያም ፕላኑ ይግባኙን ካልተቀበለ በ120 ቀናት ውስጥ የስቴት ችሎት መጠየቅ ይቻላል። ይሰጥዎት የነበረ አገልግሎት ሊቆም ከሆነና እስኪወሰን እንዲቀጥል ከፈለጉ፣ በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ ይጠይቁ።

በይግባኙ ላይ የደወሉላቸውን ሐኪሞች ዝርዝር፣ የሐኪምዎን ደብዳቤና ስክሪንሾቶቹን ያያይዙ። ገና ላልተሰጠ ሕክምና ኢንሹራንሱ በ30 ቀናት፣ ለተሰጠ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። አስቸኳይ ከሆነ 72 ሰዓት ነው።

ብቻዎን አይታገሉ። በሜሪላንድ በዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ያለው የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል ይግባኙን በነፃ ያግዛል። በዋሺንግተን ዲሲ የጤና እንባ ጠባቂ ቢሮ አለ፤ የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ሕግም በአማርኛ ለመገልገል በር ይከፍታል። በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮው በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ነው። በሚኒሶታ ኤችኤምኦ ከሆነ ለጤና መሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ለንግድ መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ የኢንሹራንስ ኮሚሽነሩን በ1-800-562-6900፣ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የማኔጅድ ኬር ተቆጣጣሪውን በ1-888-466-2219 ታገኛላችሁ። ሜዲኬር ያላቸው ወላጆች በየስቴቱ ሺፕ የሚባል ነፃ አማካሪ አላቸው።

ኢንሹራንሱ ይግባኙን ካልተቀበለና ክርክሩ ሕክምናው ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚል ወይም ሰርፕራይዝ ቢልን የሚመለከት ከሆነ፣ በ4 ወራት ውስጥ ከኩባንያው ውጭ ባለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። ውሳኔው በ45 ቀናት ውስጥ ይሰጣል፤ ኢንሹራንሱም ይገደድበታል። መዘግየቱ ሕይወትን ወይም ጤናን ለከባድ አደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ የውስጡ ይግባኝ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያስገቡ፤ ሐኪምዎ አስቸኳይ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጡ የገለልተኛው ገምጋሚ መልስ በ72 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት።